«መጀመሪያ ይጻፍ፣ ሥርዓቱ በኋላ ይደርሳል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለአማርኛ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከተናጋሪው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት መሆኑ ያንገበግባቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። የምንለያየው መፍትሔው ላይ ነው።

ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ውክፔዲያንና መሰሎቹን፣ ማለትም ማንም ገብቶ የሚጽፍባቸውንና የሚያርማቸውን ዊኪዎች፣ ያቀጨጫቸው የደንብ ብዛት ነው ይላሉ። ፊደሉ እንዲህ ይጻፍ፣ ርዕሱ እንዲህ ይሰየም፣ ዘመኑ በዚህ አቆጣጠር ይሁን፣ መደቡ (ተመሳሳይ ገጾች የሚሰበሰቡበት ዝርዝር) ይሄ ነው እየተባለ አዲሱ ሰው ገና አንድ ገጽ ሳይጽፍ ይሸሻል። ስለዚህ ሁሉም እንደመሰለው ይጻፍ፤ ገጹ ከበዛ በኋላ የሚያስተካክል አይጠፋም፤ ሰው ባይገኝ እንኳ ማሽን ያስተካክለዋል። መደምደሚያቸው ይህ ነው።

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ስለ ሀገራችን ዕፅዋት የምንጽፍባት አንዲት ትንሽ ዊኪ አለችን። የምትሠራው ውክፔዲያ በሚሠራበት ሚዲያዊኪ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሁላችንም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለን፤ የምንጽፈው ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። እኛም ስንጀምር ልክ እንደ ጸሐፊው ነበር ያሰብነው፤ መጀመሪያ ይጻፍ ብለን ነው የገባንበት። ዛሬ ነጥብ በነጥብ የምመልሰው ያንን ሐሳብ በሥራ ላይ አውለን ያየነውን ይዤ ነው።

ከፊደሉ ልጀምር። «ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በየትኛውም ቢጻፍ አንባቢ ይገባዋል» ይላሉ። ለሰው ዓይን እውነታቸውን ነው። ነገሩ ደብዳቤ ወይም የጋዜጣ ጽሑፍ ቢሆን እኔም አልከራከርም ነበር። የዊኪን ገጽ ግን ከሰው በፊት ኮምፒውተሩ ማግኘት አለበት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር በሚሰጡበት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ለማሽኑ በሀ እና በሐ መካከል ያለው ልዩነት በሀ እና በመ መካከል ካለው አያንስም። በዊኪ ደግሞ የገጹ ርዕስ ማለት የገጹ አድራሻ ማለት ነው።

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። መነሻው ጸ ወይም ፀ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ 12 አጻጻፍ ማለት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ላይ ደግሞ ለመጀመሪያው ፊደል ስድስት፣ ለሥ ሁለት፣ ለሴ ሁለት ምርጫ አለ፤ 24 ይሆናል። አንዱ ስሙን ገጥሞ፣ ሌላው ለይቶ ሲጽፈው 48 ይደርሳል። ቀዳማዊ፣ 1ኛ፣ አጼ፣ ዐፄ የሚሉት ገና አልተቆጠሩም። አንድ ንጉሠ ነገሥት 48 በር ባለው ቤት ተቀምጠው አንባቢው አንዱን ብቻ አንኳኩቶ «የሉም» ተብሎ ቢመለስ፣ ጽሑፉ አልተጻፈም ከማለት በምን ይለያል?

ጸሐፊው ይህን ክርክር አስቀድመው አይተውታል። «ለዚህማ መምሪያ መንገድ አለ» ብለዋል፤ አንዱን አጻጻፍ የፈለገ አንባቢን ወደ ሌላው አጻጻፍ የሚወስደውን ባዶ ገጽ ማለታቸው ነው። እውነት ነው፣ አለ፤ እኔም ከዊኪ መሣሪያዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ነገር ግን መምሪያ መንገድ የሚመራው ወደ አንድ ቦታ ነው። ያ አንድ ቦታ የቱ እንደሆነ ካልተስማማን አንዳችን «ሀይቅ»ን ወደ «ሐይቅ» ስናዞር ሌላው ጠዋት ተነሥቶ «ሐይቅ»ን ወደ «ሀይቅ» ያዞረዋል። እኛ ይህን አድርገነዋል፤ ሁለታችንም ቅን ነበርን። በመጨረሻ የተስማማንበት ደንብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የግዕዝ ሥሩ የታወቀ ቃል በሥሩ ይጻፍ፣ ሥሩ የማይታወቅ መጀመሪያ ገጹን በከፈተው ሰው አጻጻፍ ይጽና። ሌላው አጻጻፍ ሁሉ መምሪያ መንገድ ይሁን። ይህን ስንል ሌላው አጻጻፍ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። አንዱ መመረጥ ስላለበት ነው የተመረጠው።

የፊደል ነገር ከርዕስም አልፎ ይገባል። ለየዕፅዋቱ ገጽ በስተቀኝ የምትቀመጥ የመረጃ ሳጥን አለችን፤ ሳይንሳዊ ስም፣ የሚበቅልበት ከፍታ፣ የሚያብብበት ወር የሚሉ መስመሮች አሏት። አንድ ማታ የወይራን ገጽ ጨርሼ ሳስቀምጥ ሳጥኑ ላይ ሳይንሳዊ ስሙ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ጻፍኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ባዶ። ደግሜ ጻፍኩት፣ ባዶ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቅንፍ ስቆጥርና ነጠላ ሰረዝ ስፈልግ ቆየሁ። ኋላ ላይ መለጠፊያውን፣ ማለትም የሳጥኑን መስመሮች የሚወስነውን ገጽ፣ ራሱን ከፍቼ ሳየው ሠሪው ጓደኛችን መስመሩን «ሣይንሳዊ ስም» ብሎታል። እኔ የጻፍኩት «ሳይንሳዊ ስም» ነው። ሶፍትዌሩ የማያውቀውን መስመር «ተሳስተሃል» አይልም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጽሑፌ ገጹ ውስጥ ተቀምጦ ለአንባቢ ግን አይታይም ነበር። አዲስ ሰው ይህ ቢደርስበት እንዴት ያገኘዋል? ጸሐፊው አዲሱን ሰው የሚያባርረው ደንብ ነው ብለዋል። እኔ ያየሁት ግን ደንብ ባለመኖሩ የሚመጣው ግራ መጋባት ሲያባርር ነው።

ማሽን ያስተካክለዋል ለሚለው የቻይንኛው ውክፔዲያ ጥሩ ትምህርት ነው። እዚያ በባሕላዊውና በቀላሉ የቻይንኛ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይሠራሉ፤ አንባቢው የመረጠው ፊደል ተቀይሮ ይቀርብለታል። ሰርብኛውም እንዲሁ በሲሪሊክና በላቲን ፊደል መካከል ይቀያየራል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን የሚቀይረው ማሽን የሚሠራው ሰዎች ቁጭ ብለው ይህ ፊደል ከዚያ ጋር እኩል ነው፣ ይህ ቃል በዚያ ይተካል ብለው ያዘጋጁትን ሠንጠረዥ እያየ ነው። ስምምነቱ ከማሽኑ ቀድሟል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው። «አንድ ነገር በሁለት ገጽ ቢጻፍ ምን ጉዳት አለው? ሀብት ነው፤ አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ያመሳክራል» ይላሉ።

የኮሶን ነገር ልንገርዎት። በእኛ ዊኪ ውስጥ «ኮሶ» የሚል ገጽ ነበር፤ «የኮሶ ዛፍ» የሚልም ነበር። የተለያዩ ሰዎች ናቸው የጻፏቸው፤ አንዱ የሌላውን አላየም። የመጀመሪያው ስለ መድኃኒቱ ነው፦ የሴቷ ዛፍ አበባ እንደሚለቀም፣ ደርቆ ተወቅጦ እንደሚዘፈዘፍ፣ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ፣ ከኮሶ ትል ጋር ስላለው የቆየ ታሪክ በጥሩ አማርኛ ተጽፏል። ሁለተኛው ስለ ዛፉ ነው፦ ደጋ እንደሚወድ፣ ቅርፊቱ ምን እንደሚመስል፣ እንጨቱ ለምን እንደሚውል። መድኃኒቱ ከመጠን ሲያልፍ እንደሚመርዝና ነፍሰ ጡር ልትጠጣው እንደማይገባ የተጻፈው በዚህ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። የጻፈው ልጅ እዚያ ያስቀመጠው ሌላ ገጽ መኖሩን ስላላወቀ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ መልእክት ላከችልን። «አጠጣጡን ጽፋችኋል፣ ጉዳቱን አልጻፋችሁም፤ ይህን አንብቦ ለሰው የሚያጠጣ ቢኖርስ?» የሚል ነው። መልሴ ምን ነበር? «ጉዳቱ ሌላ ገጽ ላይ አለ» ልላት? በዚያው ሌሊት ሁለቱን ገጾች አጋጠምናቸው። ማጋጠም ማለት አንዱን መሰረዝ አይደለም። የሁለቱንም ዓረፍተ ነገር እያነበቡ የሚደጋገመውን ማስወገድ፣ የሚቃረነውን ከምንጩ ማጣራት፣ ወደ አንዱ የሚመሩትን ማያያዣዎች ወደ ሌላው ማዞር፣ የጻፉትም ሰዎች ድካማቸው ተመዝግቦ እንዲቀር ታሪኩን መጠበቅ ነው። እኔና ጓደኛዬ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ርዕሱን አስቀድሞ መፈለግ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

እንግዲህ አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ያመሳክራል ማለት፣ አንባቢው ሁለት ገጽ መኖሩን ያውቃል ማለት ነው። እኛ ባለቤቶቹ እንኳ አላወቅንም ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳማከሴን፣ «ዳማ ከሴ»ንና «ደማከሴ»ን በሦስት ገጽ አገኘናቸው። አንደኛው ላይ ፎቶው፣ ሁለተኛው ላይ ለምች አጠቃቀሙ፣ ሦስተኛው ላይ ሳይንሳዊ ስሙ። ሦስት ሰው እያንዳንዱ ሲሶ ሥራ ሠርቶ አንድም ሙሉ ገጽ አልነበረንም።

ሦስተኛው ነጥብ የዘመን አቆጣጠር ነው። «ጸሐፊ በለመደው አቆጣጠር ይጻፍ፤ ስምንት መቀነስ ማንም ይችላል» ብለዋል። ስምንት መቀነስ ማንም ይችላል፤ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 1974 ናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ስምንት ቀንሶ ሁለቱንም 1966 ላይ ያስቀምጣቸዋል። የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓልም እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን 1930 የተባለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት የቀነሰ 1922 ይለዋል። እንግዲህ አንዱ ገጽ 1922፣ ሌላው 1923፣ ሦስተኛው 1930 ብሎ ቢጽፍና ማንኛቸውም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባይናገሩ፣ ተማሪው የትኛውን ለፈተና ይያዝ?

ምሕጻረ ቃሉም ራሱ ወጥመድ አለበት። «እ.ኤ.አ.» እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። «እ.ኢ.አ.» ብለው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት የሚጽፉ አሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ኤ እና ኢ እግራቸው ላይ ያለችው ምልክት ብቻ ናት፤ በስልክ ስክሪን ላይ ዓይኑ የደከመ ሰው አይለያትም። ሰባት ስምንት ዓመት በዚያች ምልክት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። እኛ ጋ ደንቡ ይህ ነው፦ የሀገር ውስጥ ነገር በዓ.ም. ይጻፋል፣ የፈረንጁ በቅንፍ ይከተላል፤ የውጭ ሀገር ነገር በእ.ኤ.አ. ይጻፋል። ወሩ ያልታወቀ ከሆነ 1966/67 ተብሎ ይጻፋል እንጂ በግምት አንዱ አይመረጥም። ምንም አቆጣጠር ያልተጠቀሰበት ዓመት ያየ ማንም ሰው «የትኛው?» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል።

ስለ ስሞች ያሉት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ አራተኛው ነጥባቸው ነው። «ሰው በሚያውቀው ስም ይጻፍ፤ መደብ የሚባለውም የቤተ መጻሕፍት ዘመን ውርስ ነው፤ ዛሬ ሁሉም በፍለጋ ነው» ይላሉ።

ሰው የሚያውቀው ስም ከሰው ሰው ይለያያል። ባልቻ ሳፎን «ባልቻ አባ ነፍሶ» ብሎ የሚያውቃቸው አለ፤ ራስ አሉላን በፈረስ ስማቸው «አባ ነጋ» የሚል አለ። ማዕረግን ከስም በፊት ስንጽፍ ደግሞ ሶፍትዌሩ ፊደል ተራ ሲያስይዝ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ፊ ላይ፣ ደጃዝማች ባልቻን ደ ላይ ይደረድራቸዋል። የዘመኑ መኳንንት በሙሉ በማዕረጋቸው ተሰልፈው ስማቸው ይጠፋል። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ገጽ ደግሞ የባሰ ያደርጋል፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ሀብተ ጊዮርጊስን «ዲነግዴ» ብሎ ዲ ላይ ያስቀምጠዋል። በእኛ ባህል ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ይህን ለሶፍትዌሩ የምንነግረው በገጹ ግርጌ በምንጽፈው አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ካልጻፈው ግን ግማሹ በስሙ፣ ግማሹ በማዕረጉ፣ ግማሹ በአባቱ ስም ይሰለፋል።

የከተሞች ስም ከዚህም ይከብዳል፤ ስሜት አለበትና። ናዝሬት ወይስ አዳማ? ደብረ ዘይት ወይስ ቢሾፍቱ? ጸሐፊው «እያንዳንዱ እንደለመደው» ብለው ያለፉት ይህንን ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ፖላንድ ውስጥ ያለችው ከተማ ግዳንስክ ትባል ወይስ በጀርመንኛ ስሟ ዳንዚግ በሚል ለረጅም ጊዜ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያጠፋ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ ሰጡበት። ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና ወዲህ ላለው ግዳንስክ እንዲባል ተስማሙ። ማንም ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም፤ ጸቡ ግን በረደ፤ ጸሐፊዎቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለአዳማና ለቢሾፍቱም ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይቻላል፦ ገጹ በዛሬው ስም ይሁን፣ የድሮው ስም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይጠቀስ፣ በድሮው ዘመን ስለሆነ ነገር ሲተረክ የዘመኑ ስም ይጻፍ።

«ደብረ ዘይት» ብሎ የሚፈልግ ሁሉ ግን ከተማዋን አይፈልግም። ኢየሩሳሌም ያለውን ተራራ የሚፈልግ አለ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የሚውለውን እሑድ የሚፈልግ አለ። ይህን ስም በጭፍን ወደ ቢሾፍቱ ቢያዞሩት ስለ ጾሙ የመጡትን እናት የአየር ኃይል ከተማ ላይ ያወርዷቸዋል። ናዝሬትም እንዲሁ ነው፤ ከእስራኤል የሚያነብ ወገናችን ናዝሬት ሲል የገሊላዋ ልትሆን ትችላለች። ለእንዲህ ያለው ስም ሦስቱን ዘርዝሮ የሚያስመርጥ አንድ ገጽ ያስፈልጋል። ያንን ገጽ ደግሞ ፍለጋ አይሠራውም፤ ሰው አስቦ ነው የሚሠራው።

በፍለጋ ላይ ብዙ አልልም። ፍለጋ የሚጠቅመው የሚፈልገውን ነገር ስም ለሚያውቅ ሰው ነው። ደጋ ላይ ምን ምን ዛፍ ይበቅላል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የዛፎቹን ስም ገና አያውቅም፤ መደብ ለእሱ ነው። እኛ ጋ ግን «ዕፅዋት»፣ «ዕጽዋት»፣ «እፅዋት» እና «እጽዋት» የሚሉ አራት መደቦች ተከፍተው ልጁ የገባበት የቱም ቢሆን የሚያየው ከፊሉን ብቻ ነበር። ሙሉ ዝርዝር ያየ መስሎት ነበር የሚወጣው፤ ያ ነው የሚያሳዝነኝ።

አምስተኛው ነጥባቸው ላይ እስማማለሁ ማለት ብቻ ሳይሆን አመሰግናቸዋለሁ። «ደንብ የጥቂት መጋቢዎች ዱላ ይሆናል» ብለዋል፤ መጋቢ የሚባሉት ገጽ የመሰረዝና ጸሐፊ የማገድ ሥልጣን ያላቸው ናቸው። ይሆናል። ሆኗልም። በክሮኤሽያኛው ውክፔዲያ ላይ ጥቂት መጋቢዎች ተሰባስበው፣ የማይስማማቸውን ጸሐፊ እያገዱ፣ ታሪክን ወደ ብሔርተኝነት አዘንብለው እንደጻፉና ይህም ከ2011 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. እንደዘለቀ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ድርጅት ባስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆኗል። ደንብ የእነሱ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው የፈሩትን እኔም እፈራለሁ።

እኛም ጋ በትንሹም ቢሆን ደርሷል። አንድ ከደብረ ብርሃን የመጣ ልጅ ስለ ግራዋ ረጅም ገጽ ጻፈ። ከእናቱ የሰማው፣ በየትም ያልተጻፈ ዕውቀት ነበር። ከመካከላችን አንዱ የፊደል ደንባችንን አልጠበቀም ብሎ ልጁ የጻፈውን በሙሉ አጥፍቶ ገጹን ወደ ቀድሞው መለሰው። ልጁ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ደውለንለት ነበር፤ በትሕትና «ይቅር፣ አልችልበትም» አለን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ የተማርነው ግን ደንቡን መጣል አልነበረም። ደንቡ ማን ላይ እንደሚጫን ነው የቀየርነው። አሁን አዲስ ሰው እንዳሻው ይጽፋል፤ ሀ ይሁን ሐ ማንም አይወቅሰውም። ማስተካከሉ የነባሮቹ ሥራ ነው፤ የተስተካከለው ፊደል ብቻ ከሆነ ዝም ብለን እናርመዋለን፣ ማስታወሻ እንኳ አንልክለትም። የሰውን ጽሑፍ ለአጻጻፍ ሲባል መመለስ ተከልክሏል። አዲስ ሰው የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገጽ ከመክፈትህ በፊት ስሙን በሁለት ሦስት አጻጻፍ ፈልገው። ደንቦቻችን በሙሉ በአንድ ገጽ ያልቃሉ፤ አዲስ ደንብ የሚጨመረው ያለ እሱ ሁለት ጊዜ ከተቸገርን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ደንብ ሥር ደግሞ ለምን እንደወጣ ተጽፏል፤ የማያምንበት ሰው በውይይት ገጹ ላይ ይሟገተዋል። ከነዚህ መካከል በሙግት የተሻሩ አሉ።

የቀረው መደምደሚያቸው ነው፤ ብዛት ይቅደም የሚለው። ብዛቱን ያስቀደመ ዊኪ አለ። በፊሊፒንስ የሚነገረው የሴብዋኖ ቋንቋ ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት፤ በገጽ ብዛት ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ይጠቀሳል። አብዛኛውን የጻፈው ስቨርከር ዮሃንሶን የተባሉ ስዊድናዊ የሠሩት ፕሮግራም ነው። ገጾቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ በዚያ በኩል ወጥነት አልጎደላቸውም። ያን ያህል ገጽ አንብቦ የሚያርም የሴብዋኖ ጸሐፊ ግን የለም። በስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ነሐሴ አካባቢ አንድ ነገር ተደረሰበት፤ ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ታዳጊ ለዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾችን የእንግሊዝኛ ቃል እየቀያየረ ጽፎ ነበር። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ መርዳት ነበር ፍላጎቱ። ብዛቱ እያደገ ስለነበር ደስ ተብሏል፣ የሚያየው ግን አልነበረም። ጸሐፊው ማሽን ያስተካክለዋል ሲሉ የማስበው ይህንን ነው። ማሽን ዛሬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በደቂቃ መቶ ገጽ ይተረጉማል፤ ከዚያ መቶ ገጽ ውስጥ የ1974ን ዓመት በስምንት ቀንሶ የጻፈውን የሚያገኝ ግን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። አማርኛ ውክፔዲያ ከ10,000 በላይ ገጾች አሉት፤ የሚጽፉበት እጆች ግን ጥቂት ናቸው። ጥቂት እጅ ያለው ቤት ነው ሁለት ጊዜ መሥራት የማይችለው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አለኝ። በእኛ ዊኪ ላይ «ተደራራቢ ገጾች» የሚል ዝርዝር አለ፤ ገና ያልተጋጠሙትና ተቀላቅለው ያልተለዩት የሚመዘገቡበት ነው። ዛሬ ከላይ ያለው «እንሶስላ» ነው። አንድ ሰው የእጅና የእግር ማቅለሚያውን እንሶስላን ሲጽፍ፣ ሌላው ለሽታው የሚፈለገውን እንስላልን በዚያው ገጽ ላይ ጨምሮታል፤ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ዕፅዋት በአንድ ርዕስ ሥር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። ለመለየት ሁለቱን ተክሎች በዓይኑ ያየ ሰው ያስፈልገናል። እርስዎ በጽሑፍዎ መካከል ያደጉት ጎጃም እንደሆነና እናትዎ እንሶስላ ይሞቁ እንደነበር ጠቅሰዋል። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ እንሶስላን ደርቆ ገበያ ላይ እንጂ በቅሎ አላየሁትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገጹ ላይ እገኛለሁ፤ ቢመጡልኝ እርስዎ የሚያውቁትን ይጻፉ፣ ፊደሉን እኔ እይዘዋለሁ።